ዛፍ መቁረጥ ኃጢአት ነውን?



በብዙ አጥቢያ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ያፈሳል፤ ወይም አዳራሽ ሊሠራ ታስቧል፤ ገንዘቡ ግን አልሞላም። በዚህ ጊዜ ከሰበካ ጉባኤው አባላት አንዱ ቀና ብሎ ወደ ቅጥሩ ይመለከትና «ይህ ሁሉ ጥድ ቆሞ ሳለ እኛ ለምን እንቸገራለን?» ይላል። ሌላው ይቆጣል፤ «የታቦቱን ዛፍ? አባቶቻችን ያልነኩትን?» ይላል። እኛ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ወገን እንቆማለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን «ለምን አይቆረጥም?» ተብለን ስንጠየቅ የምንሰጠው መልስ «ነውር ነው» ከሚለው አያልፍም። ነውር የሆነበትን ምክንያት ካላወቅን ደግሞ፥ ነገ ከእኛ የተሻለ ተናጋሪ በመጣ ጊዜ እንረታለን።

ስለዚህ ጥያቄውን ሳንሸሽ እንጠይቅ። ለመሆኑ ዛፍ መቁረጥ በራሱ ኃጢአት ነውን?

በበኩሌ አይደለም እላለሁ። የተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር፥ የቤተ መቅደሱ በር፥ የካህናቱ መቋሚያ፥ ለበዓል የሚጋገርበት ማገዶ፥ ይህ ሁሉ ትናንት ዛፍ ነበረ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ላይ ያለውን ሕግ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ከተማ ከብቦ የተቀመጠ ሠራዊት ፍሬ የሚሰጡትን ዛፎች እንዳያጠፋ ይከለከላል፤ ለመብል የማይሆኑትን ግን ለጦር ሥራው እንዲቆርጥ ይፈቀድለታል። በጦርነት መካከል ያለ፥ ጊዜ የሌለውና የተቆጣ ሰው እንኳ መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት ዛፉን እንዲመረምር ታዝዟል። በኦሪት ዘፍጥረትም አዳም ገነትን ሲረከብ የተሰጠው ሥራ ሁለት ነው፤ አንዱ ማበጀት፥ ሁለተኛው መጠበቅ። እነዚህን ሁለት ቃላት አንባቢ በልቡ ይያዛቸው፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ይሁን እንጂ «ለተቀደሰ ሥራ ከሆነ ይቆረጥ» የሚለውም መልስ ቶሎ የሚጸድቅ አይደለም። ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ ከሊባኖስ እንጨት ባስቆረጠ ጊዜ 30,000 ሰው መድቦ እንደ ነበረ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 5 ተጽፏል። በየወሩ 10,000 እየሆኑ ይፈራረቃሉ፤ አንድ ወር በተራራው ሠርተው ሁለት ወር በቤታቸው ያርፋሉ። የሰዎቹ ተራ በሚገባ ታስቦበታል፤ የዛፎቹ ተራ ግን አልተጻፈም። ተራራውን ያራቆተው ሰሎሞን ነው ማለቴ አይደለም፤ ከእርሱ በፊትም ከእርሱ በኋላም የግብፅ፥ የአሦርና የሌሎችም አገሮች ነገሥታት መርከብና ቤተ መንግሥት ለመሥራት ዓይናቸው እዚያው ተራራ ላይ ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ117 እስከ 138 የነገሠው የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ፥ በሊባኖስ ዐለቶች ላይ አራት ዓይነት ዛፎች የንጉሡ መሆናቸውን የሚያስታውቅ ጽሑፍ እስኪያስቀርጽ ድረስ ነገሩ ከፍቶ ነበር፤ ከእነዚህ ጽሑፎች 200 ያህል ተገኝተዋል። ዐለቱ ላይ የተጻፈው እስከ ዛሬ ይነበባል፤ ከደኑ የቀረው ግን እዚህም እዚያም የተበታተነ ጥቂት ነው። (የመጽሐፍ ቅዱሳችን «የሊባኖስ ዝግባ» እና በእኛ ቅጥር ያለው ዝግባ በስም እንጂ በዘር አንድ አይደሉም፤ ብዙ ሰው ስለሚያምታታው ነው።)

እንግዲህ የዓላማው ቅድስና ዛፉን አይተካውም። ለቤተ መቅደስ የተቆረጠውም ለወንበዴ ምሽግ የተቆረጠውም የሚተወው ጉቶ አንድ ዓይነት ነው። ከክርክሩ ሁለቱም ወገኖች የረሱት ጥያቄ «ለምን ይቆረጣል?» ከሚለው ይልቅ ወደ መሬት ዝቅ ይላል፤ ከዚህ ዛፍ ሥር የሚተካው ልጁ የታለ?

ይህን ጥያቄ በቁጥር ከጠየቁት ሰዎች አንዱ የመንፈሳዊ ትምህርት ሰው አልነበረም፤ የማዕድን ሹም ነበረ። በጀርመን አገር በሳክሶኒ፥ ፍራይበርግ በምትባል ከተማ የብር ማዕድን ይወጣ ነበር። ብሩን ለማቅለጥ ከሰል፥ ጉድጓዱን ለመደገፍ ግንድ ያስፈልጋል፤ ደኑ እየራቀና እየተወደደ ሄደ። የማዕድኑ ሥራ ኃላፊ የነበረው ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ እ.ኤ.አ. በ1713 ስለ ደን ልማት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ፍሬ ሐሳቡ አጭር ነው፤ ከሚያድገው በላይ አይቆረጥ፥ የተቆረጠው ይዘራ፥ ይተከል። ዛሬ የደን ባለሙያዎች «ዘላቂ አጠቃቀም» የሚሉት ነገር አባት ተብሎ የሚጠራው ይህ የከሰል ጉዳይ እንቅልፍ የነሣው ሰው ነው።

የገበሬ ልጅ ግን ይህን ከካርሎቪትስ መማር አያስፈልገውም። በነሐሴ ጎተራው ቢጎድል፥ ልጆች ቢያለቅሱ እንኳ፥ ለዘር የተቀመጠው እህል አይነካም። እናት ጎረቤት ትበደራለች እንጂ ዘሩን አትፈጭም። በደን ላይ ያለው ችግር ዘሩና ምርቱ ተቀላቅለው መቆማቸው ነው። እህል ቢሆን ዘሩ በሌላ ዕቃ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ዛፍ ግን ሁሉም አረንጓዴ፥ ሁሉም ቋሚ ነውና የሚበላው የትኛው፥ የሚዘራው የትኛው እንደ ሆነ በዓይን አይለይም። የደን ዕቅድ ማለት በመሠረቱ ይህን መለየት ነው።

ምሳሌውን በምናውቀው በባሕር ዛፍ እናድርገው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ፤ ዐፄ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። ከተማዪቱን ካተረፏት ነገሮች ዋናው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አንድ ሰው መሬቱን ስድስት ቦታ ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ ቢቆርጥ፥ ስድስተኛውን ከቆረጠ በኋላ በሰባተኛው ዓመት ሲመጣ የመጀመሪያው ክፍል የስድስት ዓመት አጠና ሆኖ ይጠብቀዋል። ጎረቤቱ ሁሉንም በአንድ ዓመት ቢሸጥ በዚያች ዓመት ከእርሱ ስድስት እጥፍ ባለጸጋ ይባላል፤ አምስቱን ዓመት ግን ማገዶ ይገዛል። ባሕር ዛፍ የራሱ ጠባይ እንዳለውም አልረሳሁም፤ ውኃ ይወስዳል፥ ከሥሩ ሌላ ተክል አያስጠጋም፥ ምንጭ ዳርና እርሻ ዳር ሊተከል አይገባውም። ነገር ግን ቆጠራን ለመማር ከእርሱ የተሻለ መምህር የለም፤ የዘራነውን በራሳችን ዕድሜ እናያለንና።

ከዚህ የሚከብድ አንድ ሥራ አለ፤ ማሳሳት ይባላል። የፈረንጅ ጥድ ሲተከል ችግኙ በሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ይቀመጣል እንበል፤ በአንድ ሄክታር 1,600 ችግኝ ይሆናል። ሁሉም ከጸደቁ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ለብርሃን ሲሻሙ ይቀጥናሉ፤ ነፋስ ሲመጣ ይወድቃሉ። ስለዚህ ባለሙያው ደካማውን፥ ጠማማውንና የታመመውን እየመረጠ በየጊዜው ይቀንሳል፤ እስከ መጨረሻው የሚቆዩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። የዘንድሮ ችግኝ ተካይ ወጣት ይህን ሲሰማ ይደነግጥ ይሆናል፤ በላቡ የተከለውን ጤነኛ ዛፍ ሰው ሲቆርጠው ማየት ቀላል አይደለም። ግን አልቆርጥም ያለ ሰው ከ1,600ው ዛፎች አንዱንም ደህና አድርጎ ላያሳድግ ይችላል። እንግዲህ መቁረጥ የፍቅር ሥራ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ይህ ሐሳብ ለዛፍ ነው። ከዛፍ ወደ ሰው ያሻገሩት ሰዎች በዓለም ታሪክ ውስጥ ነበሩ፤ ደካማውን ለይቶ መቀነስ ለቀሩት ይበጃል ብለዋል፤ ያደረጉትንም እናውቃለን። ሰው ለሌላው ብርሃን እንዲተርፍ ተብሎ የሚቀነስ ችግኝ አይደለም። ደኑን የምናቅደው ለሰው ነውና ዕቅዱ ራሱ ሰውን መቀነስ ሲጀምር መቆም አለበት።

ይህ ደግሞ ባዶ ፍልስፍና አይደለም። በአዳባና በዶዶላ ደን በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረ አንድ አሠራር ነበር። ደኑ በክፍል በክፍል ተከፍሎ በውስጡ ለሚኖሩ ገበሬዎች ማኅበር በውል ይሰጣል፤ ማኅበሩ ኪራይ ይከፍላል፤ ይጠብቃል፤ በተፈቀደለት መጠን ይቆርጣል፤ የደኑን ሽፋን ግን ከተረከበው እንዲቀንስ አያደርግም። ደኑ ሰውን እንዲችል ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ተሰላ፤ በአንድ ክፍልም ከ30 ቤተሰብ እንዳይበልጥ ተባለ። እንደ ሂሳብ ትክክል ነው፤ እንደ ዕቅድም ብዙ ሰው ያመሰገነው ነው፤ እኔም «ደኑ የመንግሥት ነው» እየተባለ ሁሉም ከሚዘርፈው ይህ ይሻላል ባይ ነኝ። አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የማኅበረሰብና የማኅበር ደንን ለይቶ ማወቁ መልካም ነው። ነገር ግን በአንድ መንደር 50 ቤተሰብ ቢኖር፥ 30ው ሲመዘገብ 20ው ምን ይሁን? ያ ያልተመዘገበ ሰው ትናንት ከዚያው ደን ጭራሮ ይለቅም፥ ከብቱን ያሰማራ፥ ቀፎ ይሰቅል ነበር። ለእርሱ ሌላ መተዳደሪያ ያላሰበ ዕቅድ ገና አላለቀም። ረኃብ የመጣበት ሰው በሌሊት መጥረቢያ ይዞ ሲገባ «ሌባ» ብሎ መክሰስ ይቻል ይሆናል፤ ክሱ ግን ዕቅድ ያወጣውንም ሰው ይነካዋል። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን እናቶች ስናይም፥ ስለ ደን መመናመን የምናወጣው ቃል ወደ እነርሱ ከመሄዱ በፊት ግንድ የሚጭነውን መኪና ይፈልግ።

አሁን ወደ ቅጥራችን እንመለስ። በሰሜኑ አገራችን በአውሮፕላን የሄደ ሰው በእርሻው መካከል እንደ ነጥብ የተበተነ አረንጓዴ ያያል፤ በየነጥቡ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደኖች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ጥናት 168 የዛፍ፥ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች ቆጥረዋል። በዙሪያው ካለው እርሻ የጠፋው ወይራ፥ ጥቁር እንጨት፥ ዝግባና ሎል እዚያ ቆሟል። ይህ የአባቶቻችን ክብር ነው፤ ማንም አይወስድባቸውም።

ነገር ግን ጥናቱ ሌላም ነገር አሳየ። ከብዙዎቹ ታላላቅ ዛፎች ሥር ልጆቻቸው የሉም፤ ወይም በጣም ጥቂት ናቸው። የአገር በቀል ዛፎችን ዘር ከብት በማይገባበት በታጠረ ቦታና ባልታጠረ ቦታ በማስተያየት በተደረገው ሙከራ፥ በአጥሩ ውስጥ ብዙ ዘር በቀለ፥ የበቀለውም ተረፈ፥ አደገ፤ ባልታጠረው ቦታ ግን ጥቂት በቀለ፥ የበቀለውም ተበላ፥ ተረገጠ። ነገሩ ለዓይን አይታወቅም። ቀና ብለን ስናይ ጥላው ሙሉ ነው፤ ዝቅ ብለን ስናይ መሬቱ የተደለደለ ነው። ካህናቱ ሁሉ አርጅተው አንድም ዲያቆን የሌለበት ደብር አስቡ፤ ቅዳሴው ዛሬ ይደርሳል፤ ከ20 ዓመት በኋላስ? እንዲህ ያለው ደን ማንም ሳይቆርጠው ያልቃል። ማንም አልበደለም፤ ሁሉም ጠብቋል፤ ደኑ ግን የለም።

ከላይ የያዝናቸው ሁለት ቃላት እዚህ ይጠቅሙናል። አባቶቻችን መጠበቁን ለብዙ መቶ ዓመታት ፈጽመውልናል። ማበጀቱ ግን ተራው የእኛ ይመስለኛል። የማበጀት ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። በአንዳንድ ቦታ ገበሬዎች ከእርሻቸው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ሠርተዋል፤ እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፥ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። «ጽዳት» የሚባለውም ነገር ቢታሰብበት መልካም ነው። ለወርኃዊው በዓል ዋዜማ ማጭድ ይዞ የወጣ ጉባኤ ከዛፎቹ ሥር ያለውን ለምለም ሁሉ እንደ አረም ሲያጭድ፥ ከአረሙ ጋር የጣት ርዝመት ያላትን ጥድም ያጭዳታል። ጥድ በጣት ርዝመት ሳለች ከአረም የሚለያት ያወቃት ሰው ብቻ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በየክረምቱ ችግኝ መትከል ተለምዷል፤ በሐምሌ ከሚተክለው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር በጥር ጀሪካን ይዞ የሚመለሰው ስንት ነው?

አንድ አባት እንዲህ ብለው ቢመልሱልኝ አልደነቅም፤ «ልጄ፥ አይነካም የሚለው ቃል ብዙ ዘመን ጠብቆልናል። እናንተ ዛሬ በዕቅድ ይነካ ስትሉ፥ ዕቅዱን ነገ የሚይዘው ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ?»

ከክርክሮች ሁሉ ይህ ይከብደኛል። ክልከላ ጸሐፊ አይፈልግም፤ ሚዛን አይፈልግም፤ የገንዘብ ያዡ ታማኝነትም አያስፈልገውም። ጉቶ ከታየ ሕግ ተጥሷል፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ዕቅድ ግን የሚኖረው የሚቆጥር ሰውና ቆጣሪውን የሚቆጣጠር ሌላ ሰው ባለበት ብቻ ነው። መዝገቡ ውሸት በሆነበት ቦታ ዕቅድ የስርቆት ክዳን ይሆናል፤ «ማሳሳት» ተብሎ ወፍራሙ ይሸጣል፥ ቀጭኑ ይቀራል። ስለዚህ ለታቦቱ ቅጥር ደን የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ለሽያጭ መቁረጥ እንደ ጥንቱ የተከለከለ ይሁን፤ እዚያ ያሉት ዛፎች ለአካባቢው ሁሉ የዘር ጎተራ ናቸውና ለአንድ ጣሪያ አይወጡም። ለጣሪያውና ለአዳራሹ አጠና የሚያስፈልግ ከሆነ፥ አጥቢያው ከቅጥሩ ውጪ ለብቻው በተከለለ መሬት ባሕር ዛፍ ተክሎ በስድስት ክፍል ይቁረጥ። ለገቢ ተብሎ በአገር በቀሉ መካከል የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ ቀስ በቀስ ይውጣ፤ እርሱን መቁረጥ ከማንም ጋር የሚያጣላ አይመስለኝም።

አሁን የሚቀረው የጊዜ ነገር ነው። የመናገሻ ሱባን ደን እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። አስተካዩም፥ ጉድጓድ ቆፋሪውም፥ ዘሩን ተሸክሞ የመጣውም ጥላውን አላየም። የሰንበት ት/ቤት አመራር የአገልግሎት ዘመን ግን ጥቂት ዓመት ነው። ጥድን የሚያህል ነገር በእኛ ዘመን ልክ ሊታቀድ አይችልም፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነገር ይፈልጋል። የክርስትና መዝገብ አለን፤ የጋብቻ መዝገብ አለን፤ የንዋያተ ቅድሳት መዝገብ አለን። የዛፍ መዝገብ ግን እስካሁን አላየሁም።

አንድ ደብተርና የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ ቁጥር ይሰጠው፤ ዓይነቱ ይጻፍ፤ ዙሪያው ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም ከፍታ ላይ ይለካ፤ ባለሙያዎች የደረት ቁመት ይሉታል። ከሥሩ ያሉት ችግኞች ይቆጠሩ፤ ከሌሉም «የሉም» ተብሎ ይጻፍ። በሚመጣው ዓመት በዚያው ወር እንደገና ይለካል። ያን ጊዜ ሜትሩን የሚይዘው ሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል፥ የተለካበት ቦታ በግንዱ ላይ በኖራ ምልክት ይደረግበት።